አርባ ፎቅ የወደቀው ሊፍት

በሴንት ኦርቪል ከተማ ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» መባባል ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል። «ዛሬ ማንን ከሰስክ?» ነው የሚባለው። ጠያቂው መልሱን ቆሞ አይሰማም፤ ተጠያቂውም አስቦ አይመልስም። «አንድ የሳሙና ፋብሪካ»፣ «አንድ ውሻው የሚጮህበት ሰውዬ» ይባልና ሁሉም ወደ ባቡሩ ይሮጣል።

ክሱን የሚመሠርተው የኬዋና ግዛት ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ቢሮ ነው። በየማለዳው፣ በትንሹ ሲገመት፣ አሥራ አራት ሺህ ክስ። ከሳሹ ግን ሕዝቡ ነው ስለሚባል በእያንዳንዱ ክስ ላይ የአንድ ዜጋ ስም ይጻፋል። ዕጣው የወጣለት ሰው ቁርሱን ሳይጨርስ፣ በሩ ላይ ያለችው ጠባብ አፍ ወረቀቱን ትተፋለታለች። አንብቦ ኪሱ ይከታል። ወንድይፍራው አስራት ባለፈው ወር ብቻ አንድ የጥርስ ብሩሽ ፋብሪካ፣ አንድ ደወሉን የሚያበዛ ቤተ ክርስቲያንና የገዛ ጥርስ ሐኪሙን ከሷል። ሐኪሙም በሳምንቱ እሱን ከሰሰው። ከዚያ እንደ ወትሮው ስለ ዓሣ ማጥመድ እያወሩ ጥርሱን ሞላለት።

ወንድይፍራው የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው፤ ሊፍት ይጠግናል። እንደ ራሱ አነጋገር፣ እሱ አንድ ቀን ቢታመም ግማሽ አሜሪካ በደረጃ ይወጣል። ሐይቁ ላይ ሲያጠምድ የያዘውን ዓሣ ለማውጣት የከተማው እሳት አደጋ ተጠርቶ ነበር። ዓሣውን ያየ የለም፤ የእሳት አደጋ ሰዎቹም አያስታውሱም። ሚስቱ እልፍነሽ እንግዳ ሲመጣ በሩ ላይ ተቀብላ «ባለቤቴ የሚናገረውን ለሁለት እያካፈላችሁ ስሙት» ትላለች።

የዚያ ሰኞ ወረቀት ግን ኪስ የሚገባ አልነበረም።

«የኬዋና ሕዝብ፣ በወንድይፍራው አስራት ስም፣ በስንሻው በርታ ላይ። ተከሳሹ ፍሬኑን በአግባቡ ሳይመረምር የደኅንነት ወረቀት ፈርሞ፣ ሊፍት ሰው እንደያዘ አርባ ፎቅ እንዲወድቅ አድርጓል። የሚጠየቀው ቅጣት፦ የሥራ ፈቃድ መነጠቅና ዘጠኝ ዓመት በደሴቱ። ችሎት፦ ሐሙስ።»

ስንሻው ማለት ሃያ ሰባት ዓመት አብሮት የሠራ፣ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳለት አበልጁ ነው። ደሴቱ ማለት ደግሞ ሐይቁ መሃል ያለው እስር ቤት ነው። ከዚያ ከተመለሱት ሰዎች መካከል ስለዚያ የሚያወራ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ በሴንት ኦርቪል ሰው የማያወራበት ብቸኛው ነገር እሱ ነው።

እልፍነሽ ወረቀቱን ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አርባ ፎቅ ያለው ማነው?»

ወንድይፍራው ሻዩን ማማሰል ጀመረ።

«ወንድይፍራው።»

«ባቡር ጣቢያው ላይ፣ ዓርብ ዕለት… ለነዚያ ለቀለም ቀቢዎቹ ትንሽ አጫውቻቸው ነበር።»

«ሰሚዋ ሥር ሆነህ?»

«ሰሚዋ የሌለችበት የት አለ?»

ሰሚ የሚሏት በየጣቢያው፣ በየመተላለፊያው፣ በየሳሎኑ ጣሪያ ላይ የተተከለች፣ ምስር የምታህል አረንጓዴ መብራት ናት። ያለውንም የሞተውንም ቋንቋ ሁሉ ትሰማለች። የሚያስከስስ ወሬ ስትሰማ ትደምቃለች። ዓርብ ዕለትም ደምቃ ነበር፤ ወንድይፍራው በዓይኑ አይቷታል። አድማጭ በዛልኝ ብሎ ፎቁን የጨመረው ያኔ ነው።

የሆነው ነገር ይኼ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ አንድ አሮጌ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ሊፍቱ ሁለት ስንዝር ሸርተት አለና ፍሬኑ ራሱ ያዘው። ወንድይፍራው ውስጥ ቆሞ ሳንድዊች እየበላ ነበር። ፍርፋሪ እንኳ አልወደቀበትም።

ሥራ ቦታ ሲደርስ ስንሻው ወለሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በቢጫ ፕላስተር አስምሮ ጨርሷል። ሕጉ ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ እስከ ችሎቱ ቀን ሦስት ሜትር ይራራቃሉ። የዚያ የጥገና ክፍል ወለል፣ በየጊዜው ከተለጠፈው ፕላስተር የተነሳ፣ የኳስ ሜዳ ይመስላል።

«ደህና አደርክ፣ ከሳሼ» አለው ስንሻው ቀና ሳይል።

«አበልጄ፣ ስማኝ…»

«መስመሯን እንዳትረግጣት። ለእሷ ለብቻዋ ሦስት ወር አላት።»

ወንድይፍራው እግሩን ሰበሰበ።

«ሕንፃው ስንት ፎቅ ነው?» ሲል ጠየቀ ስንሻው።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አንተ አርባ ወደቅክ። ሃያ አንዱን ከየት አመጣኸው? መሬቱን ሰንጥቀህ ገባህ?»

«መጀመሪያ ሃያ ነበር እኮ ያልኩት። ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩኝ ጊዜ…»

«ሕንፃው አደገ።»

ሁለቱም ሊስቁ ነበር። ስንሻው ግን ሳቁን ተወው። ብሎን መፍቻውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፤ እንደገና አነሳው።

«ስመለስ ስልሳ አምስት ዓመቴ ነው» አለ። «ከተመለስኩ።»

«ነገ ጠዋት ሄጄ አስቀንሰዋለሁ።»

«አንተ?» አለ ስንሻው፤ «በዕድሜህ አንድ ነገር ቀንሰህ ታውቃለህ?»

የጠቅላይ ዓቃቤ ሕጓ ቢሮ መግቢያ ላይ የአምስት ሰዎች ምስል ተሰቅሏል። አምስቱም በዚያ ወንበር ተቀምጠው የነበሩ ናቸው፤ አምስቱም የግዛቲቱ ገዥ ሆነዋል። በምስሎቹ መካከል፣ ዓይን እስኪታክት የሰፋ ሰሌዳ ላይ፣ የአሁኗ ዓቃቤ ሕግ የማሪት ሆልባክ ቁጥር ይነበባል፦ 58.3። ከመቶ ሰው ስንቱ እንደሚደግፋት ነው፤ በየደቂቃው ይወጣል፣ ይወርዳል። የሥልጣን ዘመኑ ባለቀበት ሐሙስ ስልሳ የሞላለት ዓቃቤ ሕግ በቀጥታ ለገዥነት ይቀርባል። ያልሞላለት ከወንበሩ ይነሳል፤ ዳግመኛ ለምንም ምርጫ አይቆምም። የእሷ ሐሙስ የዚያ ሳምንት ሐሙስ ነበር።

ወንድይፍራውን የተቀበለው ምክትሏ ዊትሎክ ነው። ጥፍሩ የተስተካከለ፣ ድምፁ የለሰለሰ፣ ስም አጥርቶ የሚጠራ ሰው።

«ጌታዬ፣ ስሕተት አለ» አለ ወንድይፍራው። «ሊፍቱ የወረደው ሁለት ስንዝር ነው።»

«አርባ ሁለት ሴንቲ ሜትር» አለ ዊትሎክ። «የሊፍቱ መዝገብ አለን።»

«ታውቃላችሁ ማለት ነው?»

«ሚስተር ወንድይፍራው፣ የእርስዎን ንግግር በአሥራ አንድ ነው የምናካፍለው። ከሃያ ሦስት ዓመት የድምፅ ቅጂ የተሰላ ነው።»

ወንድይፍራው በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል እልፍነሽ ትዝ አለችው። እሷ ለሁለት ብቻ እያካፈለች ይሄን ሁሉ ዘመን አብራው ኖራለች።

«ታዲያ ለምን አርባ ተብሎ ተጻፈ?»

«ሕዝቡ አያካፍልም። ሠላሳ ስምንት ሞክረን አይተናል፤ አርባ ይሻላል። ሊፍት ሁሉም ሰው ይሳፈራል፤ ሁሉም ሰው በሩ ሲዘጋ ለአንዲት ቅጽበት ይፈራል። ክሱ አንድ ነጥብ ስምንት ያመጣል ብለን እንገምታለን።» ሰሌዳውን በአገጩ አመለከተ። «የሚጎድለን አንድ ነጥብ ሰባት ነው።»

«ብተወውስ? የእኔ ስም አይደል?»

«መብትዎ ነው። ሐሙስ ችሎት ላይ ይቆሙና አልወደቀም ይላሉ። ያኔ ሐሰተኛ አቤቱታ ይሆናል፤ ዘጠኙን ዓመት እርስዎ ይወስዱታል።» ዊትሎክ ውሃ ቀዳለት። «አንድ ሰው ይሄዳል። ማን እንደሆነ የመምረጥ ዕድል የሚያገኝ ሰው ብዙ የለም።»

ማታ ራቱን አልበላም። እልፍነሽ ዊትሎክ ያለውን ሰምታ ሳህኑን ከፊቱ አነሳች።

«ሐሙስን ሐሙስ እናየዋለን» አለች በመጨረሻ። «መጀመሪያ ስንሻውን ይቅርታ ጠይቀው።»

«ጠይቄዋለሁ እኮ።»

«በምላስህ? ምላስህ አይደል እንዴ ያሰረው? ድንጋይ ተሸክመህ ሂድ።»

አባቷ ያወሯት ነበር፤ የበደለ ሰው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ጭኖ ከተበዳዩ ደጅ ይቆማል፤ «አውርድ» እስኪባል አያወርድም። በሴንት ኦርቪል ይህን ያደረገ ሰው የለም። ድንጋይም በቀላሉ አይገኝም፤ ከተማው እስከ ሐይቁ ጠርዝ ድረስ ሲሚንቶ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሁለቱ ከሐይቁ ዳር አንድ ጥቁር ድንጋይ ፈነቀሉ፤ ይህም ያስከስሳል። ወንድይፍራው በጠራራ ፀሐይ ስድስት መንገድ አቋርጦ፣ ስንሻው የሚኖርበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞት ወጣ። በደረጃ። ሊፍት ውስጥ መግባት አልሆነለትም።

ከበሩ ሦስት ሜትር ርቆ ጎንበስ ብሎ ቆመ። ስንሻው በሩን ከፍቶ አየው። ላቡ ከወንድይፍራው አፍንጫ ጫፍ እየተንጠባጠበ ወለሉን አረጠበው።

«ስንት ይመዝናል?» አለ ስንሻው።

«ሁለት ኩንታል።»

የስንሻው ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ይሳቅ ያልቅስ አይለይም።

«አውርደው፣ አበልጄ። አውርደው።»

ድንጋዩን ሲያወርድ ሁለቱም እኩል ቀና አሉ። የመተላለፊያው ሰሚ፣ ደምቃ በማታውቀው መጠን ደምቃ፣ የሁለቱን ፊት አረንጓዴ አድርጋዋለች።

አንድ ሰዓት አልሞላም። በየባቡሩ፣ በየግድግዳው፣ በየሳህን ማጠቢያው ማሽን ላይ ሳይቀር፣ ወንድይፍራው ድንጋዩን ተሸክሞ ጎንብሶ ታየ። ከሥሩ የማሪት ሆልባክ ድምፅ ዝግ ብሎ ይናገራል፦ «የወደቀው ሊፍት ፍርስራሽ ዛሬም ከዚህ ሰው ጫንቃ ላይ አልወረደም። ከበደለው ሰው ደጅ ይዞት ቆሟል። እኔ ደግሞ አብሬው እቆማለሁ።»

ቁጥሯ 59.6 ገባ።

«ለይቅርታ ነው የሄድኩት» አለ ወንድይፍራው ሳህን ማጠቢያውን እያየ። «በዳዩ እኮ እኔ ነኝ።»

እልፍነሽ ፎጣ አልብሳ ሸፈነችው፤ ድምፁ ግን አልቆመም።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ችሎቱ የሚወጣው ሊፍት በሩን ሊዘጋ ሲል አንዲት አጭር ሴት ገባች። ጠፍጣፋ ጫማ፣ እንቅልፍ ያጡ ዓይኖች። ወንድይፍራው ግድግዳ ላይ አሥር ሜትር ሆና ስለሚያውቃት ለጊዜው አልለያትም። ጠባቂዎቿ ውጭ ቀሩ።

«ድንጋዩን ስላመጡልኝ አመሰግናለሁ» አለች ማሪት ሆልባክ።

«ክብርት ዓቃቤ ሕግ፣ ስንሻው ምንም አላጠፋም።»

«ስንሻው ማነው?»

ሊፍቱ ይወጣል።

«መጀመሪያ ያሸነፍኩት ክስ የአንዲት መበለት ነበር» አለች፤ የፎቁን ቁጥር እያየች። «በጥር ወር ማሞቂያዋን ቆርጠውባት ነበር። አስቀጠልኩላት። ጎመን ሾርባ ሠርታ አመጣችልኝ። ያኔ ቁጥሩ አልነበረም።» «ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሃምሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት ላይ ነው የቀረው። ባለፈው ዓመት መናፈሻ ውስጥ አየሁት። ሰላም ስለው አለቀሰ። የዚህ ወንበር በር ወደ ላይ ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ሚስተር ወንድይፍራው። እርስዎ ባለሙያ ነዎት፤ በሁለት ፎቅ መካከል የቆመ ሊፍት ውስጥ ያለ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ይጠብቃል። ሰው እስኪመጣለት።»

«የሚመጣ ከሌለስ?»

በሩ ተከፈተ። ፊቷ በአንድ ጊዜ ተለወጠ፤ ሰፋ፣ አበራ። ካሜራዎቹ ዋጧት።

የችሎቱ አዳራሽ ሦስት መቶ ሰው ይይዛል፤ ያን ዕለት ሦስት ሺህ ነበር ቢባል የሚከራከር አይኖርም። ከዳኛው ራስ በላይ ቁጥሩ 59.9 ይላል። ከነጥብ ዘጠኝ ወደ ነጥብ ስምንት ወረደ፤ አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ወደ ዘጠኝ ተመለሰ። ስንሻው ከቢጫው መስመር ማዶ፣ ለሠርግ ብቻ የሚለብሳትን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። በግራ እጁ ትንሽ ቦርሳ ይዟል፤ ሳሙናና ካልሲ ይመስላል።

«ከሳሽ ይቁም» አለ ዳኛው። «ሊፍቱ ከእርስዎ ጋር ምን ያህል ወደቀ?»

ወንድይፍራው ቆመ። አርባ የምትለው ቃል አፉ ውስጥ ተዘጋጅታ ነበር፤ ለስላሳ፣ የለመደች። አንዲት ቃል ተናግሮ ቤቱ ይገባል። ስንሻውን አየው። ስንሻው ደግሞ ዓይኑን አንስቶ አላየውም፤ እንዳይከብደው ብሎ ነው።

አፉን ሊከፍት ሲል አዳራሹ ፈነዳ።

60.0።

ሆልባክ ከመቀመጫዋ ተነስታ ሁለት እጇን ዘረጋች፤ በሩ ተበረገደ፤ ካሜራው፣ ጋዜጠኛው፣ ጠባቂው፣ አጨብጫቢው ተከትሏት እንደ ጎርፍ ወጣ። ዳኛው እንኳ ካባውን ሰብስቦ ሮጠ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ወንድይፍራው፣ ስንሻውና ወረቀት የሚሰበስበው ዊትሎክ ብቻ ናቸው።

ወንድይፍራው ግን ጥያቄ ተጠይቋል፤ ቆሟል። ከአሁን ወዲያ ድፍረቱ እንደማይመለስለትም አውቆታል።

«ሁለት ስንዝር» አለ ለባዶው ወንበር። «ሁለት ስንዝር ነው የወረደው። ሳንድዊቼም አልወደቀም። አርባ ያልኩት እኔ ነኝ። ስንሻው ፍሬኑን መርምሮታል፤ በሕይወት ያለሁት እሱ ስለመረመረው ነው።»

ስንሻው ቦርሳውን ለቀቀው።

ዊትሎክ ወረቀቱን መሰብሰብ አቆመ።

«አላስፈለገም ነበር» አለ በለሰለሰ ድምፁ። «ስልሳ ሲሞላ ክሱ ሁሉ ይነሳል። ዝም ቢሉ ኖሮ ሁለታችሁም ቤታችሁ ትገቡ ነበር።» ጣሪያው ላይ ወደ በራችው አረንጓዴ መብራት ቀና ብሎ ተመለከተ፤ ከዚያ ኪሱ ካለው ማስታወሻ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። «ነገ ጠዋት ወንበሩን የምረከበው እኔ ነኝ። ቁጥሬም ከዜሮ ይነሳል።»

ሰኞ ጠዋት የነወንድይፍራው በር አፍ የተከሳሹን ቅጂ ተፋች።

«የኬዋና ሕዝብ፣ በስንሻው በርታ ስም፣ በወንድይፍራው አስራት ላይ። ሐሰተኛ አቤቱታ በማቅረብ። የሚጠየቀው ቅጣት፦ ዘጠኝ ዓመት በደሴቱ። ችሎት፦ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ።»

እልፍነሽ ወረቀቱን ስታነብ በሩ ተንኳኳ። ወንድይፍራው ከፈተ። ስንሻው ያን ጥቁር ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ጭኖ፣ ጎንብሶ፣ እያለከለከ ቆሟል። ሳይፈልግ፣ ሳያውቅ ነው ከሳሽ የሆነው፤ ቢሆንም ስሙ ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

የመተላለፊያው ሰሚ መድመቅ ጀመረች። አዲሱ ዓቃቤ ሕግ ሦስት በመቶ ላይ ነበር፤ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ምን ያህል እንደሚያወጣ ከማንም በላይ ያውቃል።

«ስንት ይመዝናል?» አለ ወንድይፍራው።

ስንሻው በጎን መብራቷን አየ።

«ሃያ ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም» አለ። «መዝኜው ነው የመጣሁት። በሰባት ሺህ ሁለት መቶ እርምጃ ደረስኩ። መሃል ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ።»

መብራቷ ቀነሰች። ጥቂት ብቻ። ሦስቱም አዩዋት።

«አውርደው» አለ ወንድይፍራው።

በሩን ከፍተው፣ ሦስት ሜትር ተራርቀው፣ አንዱ ውስጥ አንዱ ውጭ መሬት ላይ ተቀመጡ። አሥራ አንድ ቀን አለ። ዊትሎክ ሕዝብ እያዛጋ የሚሰማውን ክስ ይዞ ችሎት አይወጣም፤ ወይ ይጥለዋል፣ ወይ የሚያስጮህ ነገር እስኪያገኝ ይጠብቃል። እስከዚያ የሚያስጮህ ነገር ከወንድይፍራው አፍ መውጣት የለበትም።

«ቅዳሜ ምን ሠራህ?» ሲል ጠየቀው ስንሻው፤ እንደ አስተማሪ፣ ዝግ ብሎ።

ወንድይፍራው ከንፈሩን ላሰ። ምላሱ ጫፍ ላይ ሁለት መቶ የምትል ቃል ቆማ ነበር። ዋጣት።

«ሁለት ሊፍት ጠገንኩ።»

«ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

«ሦስት ሰዓት… ከአሥር ደቂቃ።»

«ያን የእሳት አደጋ ሰዎች የተጠሩበት ዓሣስ?»

ወንድይፍራው ፊቱ ተለዋወጠ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያሳደገው ዓሣ ነው። ስንሻውን በልመና አየው፤ ስንሻው ዓይኑን አልነቀለም። መብራቷም አልነቀለችም።

«አንድ ኪሎ ከሩብ» አለ ወንድይፍራው። «ማንም አልተጠራም።»

እልፍነሽ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ በእጇ አፏን ያዘች። መብራቷ የሰናፍጭ ፍሬ አክላ ከሰመች። አልጠፋችም።